መጽሐፍን ስለሚያቃጥሉ ነገሥታትና ደራሲን ስለሚያድኑ ሰዎች

ሰው ከእንስሳ ተለይቶ የከበረበት ዋናው ነገር ቃል ነው። በቃልም ከሚሠሩት መካከል የደራሲ፥ የባለ ቅኔና የአዝማሪ ሥራ ከፍ ያለ ነው፤ የሠዓሊም ብሩሽ ያየውን ይናገራልና ከቃል ይቈጠራል። ስለዚህ በየዘመኑ የተነሡ ኀይለኞች ገዢዎች፥ ጦርና መድፍ ሳይጐድልባቸው፥ አንድ ዘፈን ወይም አንድ ቀጭን መጽሐፍ ሲያስደነግጣቸው እናያለን። ሠራዊት ያለው ሰው መሰንቆ የያዘውን ሰው ስለ ምን ይፈራል? ይህ የሚያስገርም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ገዢው በተቈጣ ጊዜ በዙሪያው ያለን ሰዎች ምን ልናደርግ ይገባናል? የሚለው ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ ሁለት ነገሥታትን ያሳየናል። ዳዊት ኦርዮንን አስገድሎ ሚስቱን በወሰደ ጊዜ፥ ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ ገብቶ ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በጉ ነገረው። ነገሩ ምሳሌ ነበር፤ ሰሙ ባለጠጋውና ድኻው፥ ወርቁ ንጉሡ ራሱ። ዳዊት ወርቁ በተገለጠለት ጊዜ ተናጋሪውን አላሰረም፤ ራሱን ወቀሰ እንጂ። ኢዮአቄም ግን በዘጠነኛው ወር በክረምት ቤቱ ተቀምጦ፥ እሳት በፊቱ እየነደደ፥ የኤርምያስ ጥቅልል ሲነበብለት፥ ሦስት ወይም አራት ዓምድ በተነበበ ቍጥር በጸሐፊ ቢላዋ እየቀደደ ወደ እሳቱ ጣለው። እኛ በጎባና በሮቤ የምንኖር ሰዎች፥ የሳነቴ ብርድ በሚወርድበት ማታ እሳት ዳር መቀመጥ እንዴት ደስ እንደሚያሰኝ እናውቃለን። ያ ንጉሥ ግን የሞቀው የሀገሩን ማስጠንቀቂያ አንድዶ ነው።

ወደ ሀገራችን ታሪክ በተመለስን ጊዜ የኢዮአቄምን አምሳል ደጋግመን እናገኘዋለን። በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ቴአትር የደረሱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በውጭ አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ የመንግሥቱ አሠራር ስላሳዘናቸው፥ የአውሬዎችን ተረት በቴአትር መልክ አዘጋጅተው በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ አሳዩ። ተናጋሪዎቹ አውሬዎች ቢሆኑም ወርቁ ለተመልካቾቹ አልጠፋቸውም። በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ መጽሐፉ ተሰበሰበ፥ ቴአትርም ተከለከለ፤ ክልከላውም እስከ ንግሥቲቱ ዕረፍት ድረስ ቈየ። እንግዲህ የሀገራችን ቴአትር ገና በተወለደበት ዘመን አፉ ተዘጋ ማለት ነው።

የባዕድ ገዢ ደግሞ ከዚህ እጅግ የከፋ አደረገ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎች፥ ጠንቋዮችና ባሕታውያን የኢጣልያን መንግሥት መውደቅ በሕዝቡ መካከል ይናገራሉ ብሎ እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ያለ ፍርድም ተገደሉ፤ የጦር መሣሪያቸው መሰንቆና አንደበት ነበር። በዚያው በ1929 ዓ.ም.፥ በሐምሌ ወር፥ የሂትለር መንግሥት በሙኒክ ከተማ የዘመናዊ ሠዓሊዎችን ሥራ ከየሙዚየሙ ሰብስቦ፥ «የተበላሸ ጥበብ» የሚል ስም ሰጥቶ፥ ሕዝብ እንዲሣለቅበት በአደባባይ ሰቀለው። አንዱ በጥይት፥ ሁለተኛው በፌዝ ሠራ፤ ፍርሃታቸው ግን አንድ ነበር።

ነጻነት ከተመለሰም በኋላ ነገሩ አልቀረም። አቶ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የሚለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በእናቱ ማኅፀን ያለ ሕፃን፥ ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም መውጣትን እምቢ ሲል የሚያሳይ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም ቈይተው ወደ ጎሬ ተጋዙ። ከእኛም ከዋቢ ሸበሌ ማዶ ባለው በሐረርጌ፥ ባለ ቅኔውና መምህሩ ሼኽ በክሪ ሳጳሎ ለኦሮምኛ ቋንቋ የሚስማማ ፊደል ፈጥረው ቢያስተምሩ፥ መንግሥት ፊደሉን ከለከለ፥ እርሳቸውንም በቍም እስር አቈያቸው። በደርግ ዘመን ወደ ሶማሊያ ተሰደው በ1972 ዓ.ም. በስደተኞች ሰፈር አረፉ። በድሬዳዋ የተቋቋመው የአፍራን ቀሎ የዘፈን ማኅበርም በጥርጣሬ ታይቶ ተበተነ፤ ከአባሎቹ አንዱ የነበረው ዐሊ ቢራ በወጣትነቱ ታሰረ። ያን ጊዜ ያስፈራ ድምፁ፥ በ2015 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ ብዙ ሕዝብ አለቀሰለት።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚያደማው ግን የአቶ በዓሉ ግርማ ነገር ነው። እኒህ ሰው የመንግሥት ባላጋራ አልነበሩም። የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነው ሠርተዋል፤ በደርግም ዘመን በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን ደርሰው ነበር። በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ አይተው፥ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። ያዩትን ስለ ጻፉ መጽሐፉ ወዲያው ከየመደብሩ ተሰበሰበ፥ እርሳቸውም ከሥራቸው ተባረሩ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ አልተመለሱም። መቃብራቸውም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ምናልባት አንድ አስተዋይ ሰው፥ «መንግሥት ሰላምን ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ሰውን በሰው ላይ የሚያስነሣ ዘፈን አይከለከልምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባልንጀራህን ግደል የሚል ቃል በደል ነው፤ በደልም በግልጥ ችሎት፥ ምስክር ተሰምቶ፥ በሕግ ይዳኛል። ከዚህ በላይ ግን በቈጠርናቸው መጻሕፍት ውስጥ ግደሉ የሚል አልነበረም። አንዱ ስለ አውሬዎች፥ አንዱ ስለ ፅንስ፥ አንዱ ስለ ጦር ሜዳ ይናገራል። የከሰሳቸውና የፈረደባቸው አንድ ሰው ሲሆን፥ ይህ ዳኝነት ሳይሆን ቂም ነው።

ደግሞም ሰላምን የሚያጠፋው ዘፈን ነው ወይስ ዝምታ? የባሌ ሕዝብ በመሬትና በግብር ምክንያት ብዙ መከራ ሲቀበል፥ በኦሮምኛ የሚታተም ጋዜጣ አልነበረም፤ ሰው ብሶቱን የሚያሰማበት ጌራርሳውና እንጉርጉሮው ነበር። ከሹማምንቱም ያን ጆሮ ሰጥቶ የሰማ አልበዛም። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ በዚህ ደጋና በቈላው የተሰማው ግን የጠመንጃ ድምፅ ሆነ። ዘፈኑን መስማት የጠላ መንግሥት ጥይቱን መስማት ግድ ይሆንበታል።

ብዙ ሰዎች በዚህ ነገር ራሳቸውን ሲያጽናኑ፥ «ቃል አይቃጠልም» ይላሉ። በእውነትም ኤርምያስ ጥቅልሉን እንደ ገና ለባሮክ አጻፈው፥ ብዙ ቃልም ተጨመረበት። «ኦሮማይ»ም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ፤ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በሌላው ዓለም ወጥቷል። ነገር ግን ይህ ማጽናኛ እኛን ከተጠያቂነት የሚያድን እንዳይመስለን። ጥቅልሉ ለሁለተኛ ጊዜ የተጻፈው ስለ ምን ነው? ንጉሡ ሳይሰማ አስቀድመው ለባሮክ «አንተና ኤርምያስ ሂዱና ተሸሸጉ» የሚል ምክር የሰጡ ሹማምንት ስለ ነበሩ፥ እግዚአብሔርም ስለ ሰወራቸው ነው። ቃል አይቃጠል ይሆናል፤ ሰው ግን ይገደላል። አቶ በዓሉ ከ1976 ዓ.ም. በኋላ ሊጽፉት የሚችሉትን መጽሐፍ ማንም ሊያሳትመው አይችልም። የታገደ መጽሐፍ አንድ ቀን ይገኛል፤ ያልተጻፈ መጽሐፍ ግን የት ይፈለጋል?

ሌላም ጉዳት አለ። የገዢው ቍጣ በአንዱ ላይ ሲወርድ ያየ ሌላው ደራሲ፥ ተቈጣጣሪ ሳይመጣበት ራሱን ይቈጣጠራል። ሰምና ወርቅ ለአባቶቻችን ጥበብም መጠጊያም ነበር፤ በሰሙ ጥላ ወርቁን አድነውበታል። ፍርሃት ሲበዛ ግን ወርቁ ከውስጥ ይወጣና ሰሙ ብቻ ይቀራል። ቤቱ ይመታል፥ ዜማው ያምራል፥ የሚናገረው ነገር ግን የለም። የሕግ ሳንሱር በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ቀርቷል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ29ኛው አንቀጽ ከልክሎታል። ይሁን እንጂ በ2009 ዓ.ም. ወጣት የኦሮምኛ ዘፋኞች ስለ ዘፈናቸው በፀረ ሽብር ሕግ ተከሰው ታስረው ነበር፤ የተፈቱትም በ2010 ዓ.ም. ነው። ሕግ በወረቀት ሲለወጥ ልማድና ፍርሃት ወዲያው አይለወጡም።

ስለዚህ ነገሩ በነገሥታት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ኢዮአቄም ጥቅልሉን ሲያቃጥል አጠገቡ የቆሙት ባሪያዎቹ አልፈሩም፥ ልብሳቸውንም አልቀደዱም ተብሎ ተጽፏል፤ «አታቃጥል» ብለው የለመኑት ሦስት ብቻ ነበሩ። እኛም ሁልጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ ወገኖች በአንዱ ውስጥ እንገኛለን። ካህኑ ያልወደደውን ዘፈን ሲሰማ በምክር ይመልሳል ወይስ ለሹም ይናገራል? መምህሩ ደፋር ግጥም የጻፈውን ተማሪ ያርመዋል ወይስ ያሳጣዋል? ጸሐፊው ማኅተም በእጁ ሳለ፥ «ከበላይ ታዝዤ ነው» ብሎ ኅሊናውን ያሳርፋልን? መጽሐፍ የሚታገደው በአንድ ሰው ትእዛዝ ቢሆንም፥ የሚፈጸመው በብዙ ሰዎች እጅ ነው።

ኤርምያስ በኋላ ዘመን በንጉሥ ሴዴቅያስ ጊዜ ወደ ጉድጓድ ተጥሎ በጭቃ ውስጥ በሰጠመ ጊዜ፥ ከኢየሩሳሌም ታላላቆች አንድ ስንኳ አልተናገረለትም። ወደ ንጉሡ ገብቶ፥ «እነዚህ ሰዎች ክፉ አድርገዋል» ያለው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ፈቃድም ባገኘ ጊዜ ሰዎች ይዞ ሄደ፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይጐዳው አሮጌ ጨርቅ አስቀድሞ አወረደለት፥ ከዚያም ስቦ አወጣው። ይህ ሰው የእኛ ነው እያልን በኩራት እናነሣዋለን። እንግዲህ ስሙን ብቻ ሳይሆን ገመዱንና ጨርቁንም እንውረስ።