በግራ ክንድ

ሐራ ገበያ አንድ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። ምሳሌ ነውና ስሙን አልጠራም። የወፍጮ ቤቱን ስም፣ የፀጉር ቤቱን መቀስ፣ ወደ ወልድያና ወደ መርሳ የሚመላለሱት መኪኖች ጀርባ ላይ ያለውን ጥቅስ ሁሉ የጻፈው እሱ ነው። ፊደሉ ሲያዩት ያምራል፤ ቀለሙም የቆላው ፀሐይ ሁለት ዓመት ቢያንገበግበው አይለቅም።

አንድ ቀን የሐራ ተወላጅ የሆኑ፣ ወልድያ የከተሙ ባለጸጋ አዲስ ሕንፃ ሊያስመርቁ ነውና መልካቸውን ግድግዳው ላይ እንዲስልላቸው አዘዙት። ቁመቱ ሦስት ሜትር ይሁን አሉ። ቀብዱን ላኩለት፤ ፎቶግራፋቸውንም በስልክ ላኩለት። ልጁ እንዲህ ያለ ሥራ ከዚያ በፊት አግኝቶ አያውቅም። መጀመሪያ በወረቀት ልሞክረው ብሎ ተቀመጠ። ግንባራቸውን አበራው፤ አፍንጫቸውን ቀጥ አደረገው፤ ከአገጫቸው ሥር ያለውን ሥጋ ቀነሰላቸው። አምስት ጊዜ ሣለ፣ አምስቱንም ቀደደ። ፊቱ ሳንቲም ላይ እንዳለ መልክ ደርቆ ይቀርበታል።

ማታ ላይ ወደ የኔታ ሄደ። የኔታ በጉልበታቸው ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥሉ ነበር፤ አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ሸራ እንዴት ከግድግዳ እንደሚለጠፍ፣ ቀለም እንዴት እንደሚበጠበጥ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሲደርስ ከጎረቤታቸው ከሼሁ ጋር ቡና ይጠጣሉ። የሐራ ምሽት ሙቀቱ ገና ስላልበረደ ምንጣፉ የተነጠፈው ደጅ ነው።

«የኔታ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ» አለ።

«ማንን ልትሥል ነው?»

ነገራቸው።

«እንዴት ያለ ሰው ናቸው?»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ሊያሳያቸው ዘረጋ። የኔታ አልተቀበሉትም። «መርቆሬዎስን ታውቀዋለህ?» አሉት። «ሰማዕቱን አይደለም፤ አፍረንጁን።»

እንዲህ ብለው ጀመሩ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1480 ገደማ፣ በዐፄ እስክንድር ዘመን፣ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ባሕርና በረሃ አቋርጦ አገራችን ገባ። እኛ መርቆሬዎስ አልነው። ያኔ ቤተ መንግሥት ማለት ድንኳን ነው። ንጉሡ ሲነሡ ከተማው አብሮ ይነሣል፤ ንጉሡ ሲሰፍሩ ሜዳው ከተማ ይሆናል። ሠዓሊውም ቀለሙንና ሰሌዳውን በበቅሎ ጭኖ አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይሰፍራል። ዐፄ እስክንድር በ1494 ሲሞቱ ሕፃኑ ዐምደ ጽዮን ለጥቂት ወራት ነገሠ፤ ከዚያ ዐፄ ናዖድ እስከ 1508፣ ከዚያ ዐፄ ልብነ ድንግል። መርቆሬዎስ በአራቱም ዘመን ነበረ። ቋንቋውን ለመደ፤ አረጀ። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ዛሬ ሰሜን ወሎ በምንለው አገር አልፎ ግቢ ሲደርስ አገኘው፤ ሠዓሊ ሆኖ ሳለ እንደ ትልቅ ጌታ መከበሩ ደንቆት በመጽሐፉ ጻፈ።

«ታዲያ ነገሥታቱን ሣላቸው?» አለ ልጁ።

«ስማ እንጂ። አርባ ዓመት ሙሉ የንጉሥ ደጅ የኖረ ሰው ነው። እሱ ግን የሣለው እመቤታችንን ነው። ጊዮርጊስን ነው። ስቅለቱን ነው። ስሙን በገዛ እጁ የጻፈባቸው ሥራዎች ሳይቀሩ የቅዱሳን እንጂ የነገሥታት መልክ የለባቸውም።»

የኔታን እዚህ ላይ ላቋርጣቸው። እሳቸው የማያውቁት፣ እኔ ግን ባሰብሁት ቁጥር ሌሊት የሚያነቃኝ አንድ ነገር አለ። መርቆሬዎስ ወደ እኛ በመጣበት ሰሞን ከዚያችው ከቬኒስ ሌላ ሠዓሊ ወደ ምሥራቅ ወጥቷል። ጀንቲሌ ቤሊኒ ይባላል። በ1479 ቁስጥንጥንያ ሄዶ ታላቁን ሱልጣን ዳግማዊ መሐመድን ሣለ። በሥዕሉ ላይ ያለው ቀን ኅዳር 25 ቀን 1480 ይላል፣ በእነሱ አቆጣጠር። ተሸለመ፤ የወርቅ ሐብል አጥልቆ አገሩ ገባ። ሱልጣኑ በዓመቱ ሞቱ። ልጃቸው ባያዚድ የአባቱን ሥዕሎች አውጥቶ ገበያ ላይ ሸጣቸው ይባላል። ያ መልክ ዛሬ የለንደን ብሔራዊ ቤተ ሥዕል ንብረት ነው፤ ግን ከዘመን ብዛት ተጎድቶ ሌሎች እጆች ደጋግመው ስለቀቡት ከፊቱ ላይ የቤሊኒ ብሩሽ የተረፈው ጥቂት ነው።

የእኛስ ንጉሥ? የዐፄ ልብነ ድንግል መልክ አለ። ፍሎሬንስ፣ ኡፊዚ በሚባለው ቤተ መዘክር ተሰቅሏል። የሣለው ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ ነው፤ የፍሎሬንሱ መስፍን የዓለምን ታላላቆች መልክ ከአንድ ጳጳስ ስብስብ ላይ እየገለበጠ እንዲሥልለት ከ1552 ጀምሮ ያሠማራው ሰው። ንጉሡ የሞቱት በ1540 ነው። ሠዓሊው ኢትዮጵያን አልረገጠም፤ ንጉሡን በዓይኑ አላየም። ንጉሡን ያየው፣ ድንኳናቸው ሥር የኖረው ሰው ሳይሥላቸው አለፈ፤ ያላያቸው ሣላቸው። የተቀረጸ ከንፈር፣ የተስተካከለ ጢም፣ የከበረ ልብስ። ቆሜ ባየው ምን እንደምለው አላውቅም፤ ሰላም የምለው ለማን እንደሆነ ግን ግራ የሚገባኝ ይመስለኛል።

ወደ የኔታ ልመለስ።

«ስለ መርቆሬዎስ አንድ ወሬ አለ» አሉ። ወሬውን ከእኛ ሰምቶ የጻፈው በ18ኛው መቶ ዘመን የመጣው ጀምስ ብሩስ ነው። አፍረንጁ ለአትሮንሰ ማርያም የእመቤታችንን ሥዕል ሣለና ሕፃኑን በግራ ክንዷ አስያዛት። በአገሩ ልማድ ነውር የለበትም። እኛ ዘንድ ግን ግራ እጅ እንግዳ አይቀበልበትም፣ ቁራሽ አይቈረስበትም። ሕዝቡ ጌታን በግራ እንዴት ያሲዛታል ብሎ ተነሣ።

«ምን አለ እሱ?»

«ምን እንዳለ የጻፈ የለም። እኔ ግን ያደረገውን አስባለሁ» አሉ የኔታ፤ ከዚህ ወዲያ ያለው የእሳቸው ምሳሌ ነው። ሰሌዳውን ሸፍኖ ወጣ አሉ። ከድንኳን ድንኳን ዞረ። የንጉሡን ሎሌዎች ሚስቶች፣ እንጨት ለቃሚዎቹን፣ ጋጋሪዎቹን አየ። አንዲት ሴት ከእሳቱ ዳር ተቀምጣ ምጣዱን ታሰማለች። ሕፃኑ አለቀሰ። ከጀርባዋ አውርዳ በግራ አቀፈችው፤ በቀኟ ሊጡን ማፍሰሷን አላቋረጠችም። ሠዓሊው እዚያው ቆመ። እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሣላት እመቤታችን የቬኒስ ሴት መሆኗ ቀረ። ዓይኗ ሰፋ፤ አለባበሷ የኛ ሆነ፤ ከራስጌዋ ያለው ጽሑፍ ግእዝ ሆነ።

የየኔታ ልጅ ቡናውን ትቀዳ ነበር። ሕፃኗ ግራ ክንዷ ላይ ተኝታለች፤ ቀኝ እጇ ጀበናውን ይዟል። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል ብያለሁ፤ ወደ እሷ ግን ዘወር አሉ። ልጁም ዘወር አለ። ሼሁም አዩ፤ «ማሻ አላህ» አሉና ሲኒያቸውን ተቀበሉ።

«ኋላ ጦርነት መጣ» አሉ የኔታ። ዐፄ ናዖድ ጀምረው ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሟት፣ በወርቅ ያጌጠችው መካነ ሥላሴ በ1531 ተቃጠለች። ትልልቁ ግድግዳ ነደደ። መርቆሬዎስ በዚያ ላይ የደከመበትም ቢኖር አመድ ሆነ። የተረፈው ትንሹ ነው፤ ሁለት ቅጠል ሆኖ የሚታጠፍ፣ መነኵሴ ከብብቱ ሸጉጦ ወደ ዋሻ ወይም ወደ ደሴት ሊሮጥ የሚችለው ገበታ። ሰው እየተሳለመው ጠርዙ የለሰለሰው።

«ጦርነት ትልቅ ነገር ነው የሚፈልገው» አሉ ሼሁ። ሐራም ባለፉት ዓመታት ጦርነት ያየች አገር ናትና ሁሉም ዝም አሉ። እኔም እዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ልጁ ቆይቶ «እንግዲያ የሦስት ሜትሩን ልተወው?» አለ።

«ለምን ትተወዋለህ? እንጀራህ ነው፤ ሰውየውም መልካቸው ቢሣል ኃጢአት የለባቸውም። እኔ የጠየቅሁህ እንዴት ያለ ሰው ናቸው ብዬ ነው።»

«የኔታ፣ አይቻቸው አላውቅም።»

የኔታ መልስ አልሰጡም። በረካው ተቀዳ።

በማግሥቱ ጠዋት ልጁ ለባለጸጋው ደወለና መጥቼ ልይዎት አላቸው። ፎቶው አልበቃህም ወይ ብለው ቅር አላቸው፤ ይምጣ አሉ ግን። ከሰል፣ ወረቀትና ዳቦ በፌስታል ይዞ ወልድያ ወጣ። ሲደርስ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አሥረው፣ በረንዳ ላይ ትልቅ ወንበር አውጥተው ይጠብቁታል። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ልክ እንደ ፎቶው።

ልጁ ወረቀቱን ዘርግቶ ተቀመጠ። አንድ መሥመር አላሠመረም።

«ምነው?» አሉ።

«ትንሽ ልቆይ፣ ጋሼ።»

ሰዓቱ ገፋ። ስልካቸው ጮኸ። ሾፌር መጥቶ የጭነት ወረቀት እንዲፈርሙለት ቆመ። በዚያ መሐል ከጓዳ አንድ ሕፃን እየዳኸ ወጥቶ የሱሪያቸውን ጫፍ ያዘና ለቅሶውን ለቀቀው፤ የልጃቸው ልጅ ነው። ባለጸጋው ሳያስቡት ጎንበስ አሉ፤ በግራ ክንዳቸው አነሡት፤ በቀኛቸው እስክርቢቶውን ተቀብለው ሕፃኑ ክራቫታቸውን እየጎተተ ወረቀቱን ፈረሙ። አገጫቸው ወረደ። ከአገጫቸው ሥር ያለው ሥጋ ተመልሶ መጣ። ዓይናቸው ዳር ልጁ በፎቶው ላይ ያላየው መሥመር ተሠነጠቀ።

ሾፌሩ ሄደ። ሕፃኑን ሊያወርዱት ሲሉ «ጋሼ፣ እንደያዙት ይቁሙልኝ» አለ።

«በግራ ነው እኮ የያዝኩት» አሉ። «ላዙረው?»

«አይዙሩት።»

ከሰሉን አነሣና ከክንዳቸው ጀመረ።