የፕላስቲክ ወታደር ሞት

ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛ ከበን እንዋጋለን። ጨዋታው ዋርሀመር 40,000 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 እንግሊዝ አገር የወጣ፣ የሩቅ ዘመን የህዋ ጦርነት ነው። ወታደሮቹ ትንንሽ ፕላስቲኮች ናቸው፤ ፊታቸውንና ጥሩራቸውን በቀጭን ብሩሽ የምንቀባው ግን እኛው ነን። አንዱ ብቻ ሙሉ ማታ ይፈጃል። ከዚያ ዳይስ ይወረወራል፤ ቁጥሩ ካነሰ ወታደሩ ይነሳል። አለቀ!

አንድ ጓደኛችን ይቀባልናል እንጂ አይጫወትም። ወንድሙ ከጦር ሜዳ አልተመለሰም። «ስታነሷቸው እኮ ትስቃላችሁ» አለን አንድ ቀን። መልስ አጣን።

ለመሆኑ በጦርነት መጫወት ነውር ነውን? ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 የአሻንጉሊት ጦርነት ደንብ በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ ጨዋታው የእውነተኛውን ጦርነት ጅልነት ያሳያል ብሎ ነበር። በዓመቱ አውሮፓ በጦርነት ተቃጠለች። እንግዲህ ጨዋታ ጦርነትን አያስቀርም።

ቢሆንም ጥፋቱ መጫወቱ ላይ አይመስለንም። በእጃችን የቀባነው ሲወድቅ ቅር ይለናል፤ ያልቀባነው ሲወድቅ ግን ቁጥር ነው። እውነተኛውን ጦርነት ከሩቅ የሚያዝዝ ሰውም የሚያየው ቁጥሩን ነው፤ ፊቱንማ የምታውቀው እናት ናት።

አሁን ጓደኛችን የቀባውን ወታደር ስናነሳ አንስቅም። ይህ ብቻ ይበቃ ይሆን?