ስለ አሮጌ ቅጥር ጥገና

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣው ምእመን ዐይኑን ወደ መስቀለኛው አምባና ወደ ጉልላቱ ያነሣል፤ ጎንበስ ብሎ የግድግዳውን ሥር የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። በዓሉ ክረምቱ እንደ ወጣ የሚውል ስለ ሆነ፥ የሐምሌና የነሐሴ ዝናም በአሮጌ የድንጋይና የጭቃ ቤት ላይ ያደረሰው ጉዳት በግልጥ የሚታየው በዚያ ሰሞን ነው። ምርጊቱ የት እንደ ረገፈ፥ ማያያዣው ጭቃ ከየትኛው ድንጋይ መካከል ታጥቦ እንደ ሄደ፥ ማዕዘኑ ወዴት እንዳዘነበለ የሚመረመርበት ጊዜ ይኸው ነው።

ግሸን እንደ አባቶቻችን ትውፊት ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1426–1460 ዓ.ም.) ያረፈበት አምባ ነው። እንዲህ ያለ አደራ ባለበት ስፍራ፥ እንዲሁም በየአገሩ ባሉት አሮጌ አድባራት፥ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ሁለት ዐይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «አፍርሰን በሲሚንቶ አዲስ እንሥራ» ይላል፤ ሁለተኛው «ስንጥቁን ለስነን ለበዓሉ እናድርሰው» ይላል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ስለ ቤት ለምጽ የተጻፈውን ሥርዓት እናስተውል። ባለቤቱ በግድግዳው ላይ ደዌ የሚመስል ነገር ባየ ጊዜ ወደ ካህኑ ይመጣል። ካህኑም ለማፍረስ አይቸኩልም፤ ለመምረግም አይቸኩልም። ዕቃው እንዲወጣ ያዛል፥ ገብቶ ያያል፥ ቤቱን ሰባት ቀን ዘግቶ ይቈያል፥ ተመልሶም ይመረምራል። ደዌው ሰፍቶ ቢገኝ የታመሙት ድንጋዮች ብቻ ይወጣሉ፤ ውስጡ ዙሪያውን ይፋቃል፤ በስፍራቸው ሌሎች ድንጋዮች ገብተው ቤቱ በሌላ ጭቃ ይመረጋል። የሚፈርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ደዌው ዳግመኛ ሲመለስ ነው። ይህን ምዕራፍ በኃጢአትና በንስሓ ምሳሌነት እንተረጕመዋለን፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምሳሌው የቆመው በእውነተኛ ግድግዳ ላይ ነውና ንባቡን ለግንበኛም ማስተማር ይገባል።

የግድግዳ ደዌ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ነው። ከክዳኑ የሚወርደው ጠፈጠፍ መሠረቱን ሲመታ፥ ወይም በግቢው የተከማቸ አፈር እርጥበትን በግድግዳው ላይ ሲያስደግፍ፥ ማያያዣው ከውስጥ ይላላል። ቦዩ ሳይጠረግ፥ ክዳኑ ሳይጠገን የሚደረግ ምርጊት ሁሉ ድካም ብቻ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 13 ደካማውን ቅጥር ገለባ በሌለው ጭቃ የሚመርጉትን ሐሰተኞች ነቢያት ሲገሥጽ፥ ዝናሙ በመጣ ጊዜ መሠረቱ እንደሚገለጥ ይነግራቸዋል። ገለባ ለምን እንደሚያስፈልግ የአገራችን ገበሬ ያውቃል፤ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው ጭዱ ነውና።

ስለ ሲሚንቶም እንናገር፤ ብዙ ካህናት እንደ መድኃኒት ሁሉ ይቈጥሩታልና። ሲሚንቶ በአዲስ ሥራ ጠቃሚ ነው። በጭቃ ወይም በኖራ በተሠራ አሮጌ ግድግዳ ላይ ሲለሰን ግን ከውስጥ ያለውን እርጥበት መውጫ ይከለክለዋል። እርሱ ጠንካራ ሆኖ ይቈያል፤ ከበስተኋላው ያለው ድንጋይና ጭቃ ይበሰብሳል። በጎንደር የነገሥታቱ ግንቦች በኖራ የተሠሩ ሲሆኑ፥ በጠላት ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በሲሚንቶ ተጠግነው ነበር፤ ኋላ ግን ጕዳቱ ታውቆ ጥገናው ወደ ቀድሞው ኖራ ተመልሷል። ማያያዣው ከድንጋዩ ይልቅ የለዘበ ሊሆን ይገባል። ግድግዳው ጥቂት ቢንቀሳቀስ ጭቃው ተሰንጥቆ ድንጋዩ ይድናል፤ ጭቃውንም እንደገና መሙላት ቀላል ነው።

ገንዘቡስ ከወዴት ይምጣ? ለመጋረጃ፥ ለጃንጥላ፥ ለምንጣፍ የሚሳል ብዙ ነው፤ ለምርጊት የተሳለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም። በአራተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 12 ንጉሡ ኢዮአስ የቤተ መቅደሱ ፍራሽ እንዲጠገን አዝዞ ነበር፤ ካህናቱ ግን ገንዘቡን እየተቀበሉ እስከ 23ኛው ዓመተ መንግሥቱ ድረስ አልጠገኑትም። ይህን የምናነበው እኛ ካህናት ነንና በሌላ ላይ ጣት አንቀስርበትም። ካህኑ ዮዳሄ ያን ጊዜ ሣጥን አምጥቶ ክዳኑን ነደለ፤ በመሠዊያውም አጠገብ አኖረው። ገንዘቡን የንጉሡ ጸሓፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው ቈጠሩት፥ ለአናጢው፥ ለግንበኛውና ለድንጋይ ጠራቢው ሰጡት፤ የብር ጽዋና መለከት ግን አልተሠራበትም።

ስለዚህ በየደብሩ ከሌላው ሙዳየ ምጽዋት የተለየ አንድ ሣጥን ለጥገና ይቀመጥ፤ ቈጠራውም በካህንና በምእመን ፊት ይሁን። የተሰነጠቀው ስፍራ በመስከረም ይመርመርና ይመዝገብ። የጤፉ ጭድ በኅዳርና በታኅሣሥ ከአውድማ ይሰብሰብ፤ ግድግዳው በበጋው ፀሐይ ከደረቀ በኋላ ቦዩ ይከፈት፥ የላላው ድንጋይ ይውጣ፥ ጭቃውም ከጭዱ ጋራ በሚገባ ተረግጦ ይቡካ። ምርጊቱ በሚያዝያ ተፈጽሞ ሰኔ ሳይገባ ይድረቅ።