ባለቤትነትና ባለሙያነት

ሰው መሣሪያን ይፈጥራል፤ መሣሪያም በተራው ሰውን ይለውጣል። ይህ የታወቀ እውነት ነው። ያልተቋጨው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው የሚገለገልበትን መሣሪያ ውስጣዊ አሠራር የማወቅ ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ነው። ጥያቄው ለገበሬው እምብዛም አይነሣም፤ ሞፈሩ ሲሰበር፣ ማረሻው ሲዶለዱም ምን ማድረግ እንደሚገባው ያውቃልና። የሚነሣው መሣሪያው እየረቀቀ፣ ሠሪውና ተጠቃሚው እየተራራቁ በሄዱበት ኑሮ ውስጥ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መፈተኛ የሚሆን ምሳሌ የስፖርት መኪና ነው። የጭነት መኪናም ሆነ ታክሲ የእንጀራ ጉዳይ በመሆኑ ቶሎና በርካሽ የሚጠገንበት መንገድ ይመረጣል፤ የቆመበት ቀን ገቢ የቀረበት ቀን ነውና። የስፖርት መኪና ግን ለጭነትም ለቤተሰብም አይመችም። በአብዛኛው የሚገዛው ስለሚወደድ ነው። እንግዲህ መኪናውን የሚወድ ባለቤት ዘይቱን ራሱ ይለውጥ፣ የቫልቩን ክፍተት ራሱ ያስተካክል ወይስ ቁልፉን ለጋራዥ አስረክቦ ሒሳቡን ይክፈል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የገንዘብ ይመስላል። ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን ስለ ዕውቀትና ስለ ኃላፊነት የሚነሣ የሥነ ምግባር ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1958 በእንግሊዝ አገር ኦስቲን-ሂሊ ስፕራይት የተባለች ትንሽ የስፖርት መኪና ለገበያ ቀረበች። መብራቶቿ ከኮፈኑ ላይ ጉብ ብለው ስለሚታዩ በአገሯ "እንቁራሪት ዓይን" የሚል ቅጽል ወጣላት። የሞተሯ ይዘት 948 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ጉልበቷም 43 የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነበር። ሞተሯና የፊት ጎማ ማንጠልጠያዋ ኦስቲን ኤ35 ከተባለች ተራ የቤት መኪና፣ የመሪዋ ጥርስ ደግሞ ከሞሪስ ማይነር የተወሰዱ ነበሩ። የፊት አካሏ ከነፓራፋንጎው ባንድነት ወደ ላይ ስለሚከፈት ሞተሯ ለዓይንም ለእጅም የተጋለጠ ነበር። በዋጋዋ ርካሽ፣ በአሠራሯም ግልጽ ስለ ነበረች ብዙ ገንዘብ የሌለው ወጣትም ሊመኛት ይችል ነበር።

በ1965 ጆን ሄይንስ የተባለ የእንግሊዝ አየር ኃይል ባልደረባ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ በምትገኘውና በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው በኤደን ተመድቦ ያገለግል ነበር። አንድ የሥራ ጓደኛው ስፕራይት ገዝቶ በማደሱ ሥራ እንዲረዳው ጠየቀው። ሄይንስ በዚህ ጊዜ ፋብሪካው ያዘጋጀው መምሪያ ለተራው ባለቤት የማይጠቅም መሆኑን ተገነዘበ። ስለዚህ ካሜራ ገዝቶ፣ ሞተሩ ሲፈታና ተመልሶ ሲገጠም ሥራውን ደረጃ በደረጃ ፎቶግራፍ አነሣ። በ1966 ይህንኑ በመጽሐፍ መልክ አሳተመ። የመጀመሪያው እትም 3,000 ቅጂ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ተሸጦ አለቀ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓይነት መኪናዎች በስሙ የሚጠሩ መምሪያዎች ታተሙ።

በራስ እጅ መሥራትን የሚደግፈው ክርክር ከዚህ ታሪክ ውስጥ በግልጽ ይወጣል። ባለቤቱ የስምንቱን ቫልቮች ክፍተት አንድ በአንድ እየለካ ወደ 0.30 ሚሊ ሜትር ሲያመጣ፣ ቀድሞ "የሞተር ድምፅ" ብሎ በጅምላ ይሰማው የነበረው ነገር ምክንያትና ውጤት ያለው ይሆንለታል። ክፍተቱ ሲሰፋ ያንኳኳል፤ ከመጠን በላይ ሲጠብ ቫልቩ በሚገባ ስለማይዘጋ ኃይል ይባክናል፣ ቫልቩም ይቃጠላል። ሔግል እ.ኤ.አ. በ1807 ባሳተመው ሥራው የጌታንና የባሪያን ግንኙነት ሲተነትን፣ ጌታው በዕቃው ይደሰታል እንጂ ከዕቃው ጋር አይታገልም፤ ዕቃውን የሚቀርጸው ባሪያ ግን በሥራው አማካይነት ራሱን ወደ ማወቅ ይደርሳል ይላል። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ከፍሎ ብቻ የሚነዳ ሰው በወረቀት የመኪናው ጌታ ቢሆንም በተግባር ጥገኛዋ ነው። መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም ጌትነቱ ያበቃል።

ጉዳዩ የኢትዮጵያን ኅብረተሰብ የባህል ታሪክም ይነካል። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸማ የሚሠራው ሰው ለገበሬው ማረሻ፣ ለመኳንንቱ ልብስ እያቀረበ በስድብ ስም ሲጠራ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ያመለክታል። አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ እጁ ጥቁር ዘይት ሲነካ ክብሩ የጎደለ የሚመስለውን የተማረ ሰው ስሜት ግን በአንድ ቀን አያጠፋም። አንድ አስተማሪ ወይም አንድ ኃላፊ በቅዳሜ ከሰዓት መኪናው ሥር ተኝቶ ቡሎን ሲፈታ መታየቱ፣ ከሚተርፈው የጋራዥ ክፍያ የበለጠ ፋይዳ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ግማሽ እውነት ብቻ በተነገረ ነበር። ፕላቶን እንደሚተርከው፣ ሒፒያስ የተባለው ሊቅ ቀለበቱንም፣ ጫማውንም፣ ካባውንም፣ መታጠቂያውንም በገዛ እጁ ሠርቶ ለብሶ ወደ ኦሎምፒያ ሄዶ ነበር። ሰውየው ይደነቅ ይሆናል፤ ኅብረተሰብ ግን በሒፒያሶች አልተገነባም። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 እንዳመለከተው፣ ሥራውን ተከፋፍለው የያዙ አሥር ሠራተኞች በቀን 48,000 ያህል ስፒል ሲያመርቱ ያልሠለጠነ ሰው ብቻውን ሃያ እንኳ አይሞላም። ሃያ ዓመት በጋራዥ የኖረ መካኒክ፣ ባለቤቱ ሙሉ ቀን የሚፈልገውን ብልሽት በጆሮው ብቻ ሊለየው ይችላል። ይህን ችሎታ ከቁም ነገር አለመቁጠር "ሁሉን በራሴ እችላለሁ" በሚል ስም የሚቀርብ ሌላ የንቀት መልክ ነው።

ከሁሉ የከበደው የፍሬን ጉዳይ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የሚፈላበት ሙቀት እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመሆኑም በየጊዜው መለወጥ አለበት። ሲለወጥ ግን በቧንቧው ውስጥ አየር ከቀረ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ አየሩ ይጨመቃል እንጂ ኃይሉ ወደ ጎማው በሚገባ አይደርስም። የዚህ ስሕተት ዋጋ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይወድቅም፤ ከትምህርት ቤት ወጥታ መንገድ በምታቋርጥ ሕፃን ላይም ሊወድቅ ይችላል። ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ ተሳስቶ የመማር መብት አለው፤ በሌላው ሕይወት ላይ ተሳስቶ የመማር መብት ግን የለውም።

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ልዩነት አለ። ባለቤቱ ሲደክመው መፍቻውን አስቀምጦ እጁን ይታጠባል፤ መካኒኩ አያስቀምጥም። ለአንዱ የዕረፍት ጊዜ መዝናኛ የሆነው ለሌላው የልጆች ቀለብ ነው። የአዲስ አበባ ጋራዥ ቋንቋ ለዚህ ምስክር ነው። ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፤ እነዚህ ሁሉ ከኢጣሊያንኛ የተወሰዱ ቃላት ከመጽሐፍ የተጠኑ አይደሉም። ዕቃ እያቀበለ፣ ዘይት እየጠረገ፣ እየተቆጡት የተማረ ረዳት በጆሮው ይዞ ለሚቀጥለው ረዳት ያስተላለፋቸው ናቸው። ይህ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀት ባይሰጥም ብዙ ባለሙያ አፍርቷል። ሁሉም ባለቤት መኪናውን በጓሮው ይሥራ ቢባል የሚዘጋው ይኸው ትምህርት ቤት ይሆናል።

እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ተቃርኖው የሚፈታው መፍቻውን ማን ይያዝ በሚለው ሳይሆን ዕውቀቱ ለማን ክፍት ይሁን በሚለው ጥያቄ ነው። ገንዘብ የሌላውን ጉልበትና ጊዜ ሊገዛ ይችላል፤ ኃላፊነትን ግን አይገዛም። "ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም" እንደሚባለው፣ ባለቤቱ ምንነቱን ለማወቅ ያልፈለገውን መኪና ጋራዡ በጥንቃቄ እንዲይዝለት መጠበቅ ከንቱ ነው። የማያውቅ ደንበኛ ሁለት ፊት አለው። ወይ ሁሉን ያምናል፤ ወይ ሁሉን ሌባ ይላል። የሚያውቅ ደንበኛ ግን የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ አይቶ፣ የተሠራውን ሥራ መዝኖ፣ ለሐቀኛው ባለሙያ የሚገባውን ዋጋና ምስጋና ይሰጣል። የሄይንስ መጽሐፍም ለመካኒኩ ጠላት አልነበረም፤ በመካኒኩና በባለቤቱ መካከል የጋራ ቋንቋ ፈጠረ።

የኋላው ዘመን ታሪክ ይህን ያጠናክራል። የመኪና ሞተር በኤሌክትሮኒክ አእምሮ መመራት ከጀመረ ወዲህ ብልሽቱን የሚያነበው መሣሪያና የሚስጥሩ ቁልፍ በአምራቹ እጅ እየገባ ሄደ። በዚህ ጊዜ በር የተዘጋበት የጓሮው ባለቤት ብቻ አልነበረም፤ የሰፈሩ ጋራዥም አብሮ ተዘጋበት። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ሕዝብ፣ አምራቾች የጥገና መረጃን ለባለቤቶችና ለነጻ ጋራዦች እንዲከፍቱ የሚያስገድድ ሕግ በድምፁ ደገፈ፤ በ2020 ደግሞ መኪናው በአየር ሞገድ የሚያስተላልፈውን መረጃ እንዲጨምር አደረገ። ለረዥም ጊዜ ተፎካካሪ መስለው የታዩት ሁለቱ ወገኖች ባንድ መስመር ላይ ተሰልፈው ተገኙ። ጆን ሄይንስ በ2019 አረፈ፤ ድርጅቱም በ2020 ለአዳዲስ መኪናዎች የወረቀት መምሪያ ማተሙን እንደሚያቆም አስታወቀ። በኤደን የተነሣው ጥያቄ ግን ከነክብደቱ አለ።

ከዚህ የሚገኘው መመሪያ ቀላል ነው። ስሕተቱ በራሱ ላይ ብቻ የሚመለስበትን ሥራ፣ ዘይቱንም ካንዴላውንም፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ ቢሠራ ዕውቀትንም ትሕትናንም ያተርፋል። ስሕተቱ በሌላው ሕይወት ላይ የሚያርፈውን፣ ፍሬኑንም መሪውንም፣ ለተካነው ባለሙያ ይስጥ፤ ሲሰጥም አስረክቦ አይሂድ፤ አጠገቡ ቆሞ ይይ፣ ይጠይቅ። ባለሙያውም የሚያውቀውን አይሰውር፤ ሲጠየቅ ያስረዳ፣ ረዳቱንም ያስተምር። ይህ ለመኪና ብቻ የተባለ አይደለም። አስተማሪው ለተማሪው፣ ከያኒው ለተመልካቹ፣ ኃላፊው ለሚያስተዳድረው ሕዝብ ያለበት ዕዳ ይኸው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ማሳየት ማንንም ከሙያው አያፈናቅልም፤ ሥራው በሚገባው ሰው ፊት እንዲከበር ያደርጋል እንጂ።