ሁሉን መርምሮ ስለ መያዝ
ለሚጠይቁና ለሚጠራጠሩ ክርስቲያኖች የተሰጠ ምክር



በከተማ የሚኖር ሰው፥ ይልቁንም በትምህርት ቤት የሚውል ወጣት፥ ከባልንጀሮቹ ጋራ በተቀመጠ ጊዜ ክርክር ሳይሰማ አይውልም። አንዱ «ሐኪሞች የሚሉት ሁሉ ለገንዘብ ነው» ይላል። ሁለተኛው «በዐይን ያልታየና በሚዛን ያልተመዘነ ነገር ሁሉ ተረት ነው» ይላል። ሦስተኛውም «ነፍስ የምትሉት የአንጎል ሥራ ነው እንጂ ሌላ አይደለም» ብሎ ይሥቃል። ምእመኑም በመካከላቸው ተቀምጦ አንድ ጊዜ ይቈጣል፥ አንድ ጊዜ ያፍራል፥ አንድ ጊዜም ዝም ይላል። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን «መጠየቅ ኀጢአት ነውን? ወይስ አለመጠየቅ ስንፍና ነው?» እያለ ከልቡ ጋራ ይከራከራል። ይህች ትንሽ ጽሑፍ ለእንዲህ ያለው ሰው የተጻፈች ናት።

አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ተርተዋል። ተረቱ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ሙሉ እውነት አይደለም፥ ጥርጥር ሁለት ዐይነት ነውና። አንደኛው በር ያንኳኳል፤ እስኪከፈትለት ድረስ ይቆማል፥ በተከፈተለትም ጊዜ ይገባል። ሁለተኛው በሩን ከውስጥ ይዘጋል፤ ማንም ቢያንኳኳ አይሰማም፥ ራሱንም ጥበበኛ ብሎ ይጠራል። የፊተኛው የትሕትና ልጅ ነው፥ የኋለኛው ግን የትዕቢት ልጅ ነው። ሁለቱን ለመለየት አንዲት ጥያቄ ትበቃለች፤ ይኸውም፥ «እውነቱ አንተ ከምታስበው ሌላ ሆኖ ቢገኝ ሐሳብህን ትለውጣለህን?» የምትል ናት።

ጌታችን ከሙታን ከተነሣ በኋላ ቶማስ የችንካሩን ምልክት ካላየሁ አላምንም ባለ ጊዜ፥ ጌታ አላባረረውም፤ እጆቹንና ጎኑን አሳየው እንጂ። ቶማስም ባየ ጊዜ ሌላ ምክንያት አልፈለገም፤ ወዲያው አመነ። የቤርያ ሰዎችም የሐዋርያውን ስብከት በሰሙ ጊዜ ነገሩ እውነት መሆኑን ለማወቅ መጻሕፍትን በየቀኑ ይመረምሩ ነበር፤ ቅዱስ ሉቃስም ስለዚህ አመሰገናቸው እንጂ አልነቀፋቸውም። እንግዲህ መመርመር የእምነት ጠላት አይደለም። ነገር ግን እንዴት እንደምንመረምር እንድናውቅ በዓለም የሆነውን ጥቂት እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አንደኛ፤ ቶሎ ስለ ማመን።

ፍራንትስ መስመር የሚባል ሐኪም በ1778 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ከተማ መጣ። እርሱም፥ በፍጥረት ሁሉ ውስጥ የሚመላለስ የማይታይ ፈሳሽ አለ፥ ደዌ የሚመጣውም ይህ ፈሳሽ ሲታገድ ነው፥ እኔም መንገዱን እከፍትለታለሁ ይል ነበር። መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ወደ እርሱ ጎረፉ። አንዳንዶቹ ይንቀጠቀጡ፥ አንዳንዶቹ ይጮኹ፥ ብዙዎቹም ተፈወስን ይሉ ነበር። በ1784 ዓ.ም. ንጉሡ ሉዊ 16ኛ ነገሩን የሚመረምሩ ሊቃውንት አዘዘ። ከእነርሱም መካከል አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪ ሊቅ ላቮዋዝዬ ነበሩ።

መርማሪዎቹ አልተሳደቡም፤ ፈተኑ እንጂ። ዴሎን የሚባለው የመስመር ደቀ መዝሙር በፍራንክሊን አትክልት ቦታ አንዲቱን ዛፍ በዚህ ኀይል ሞላኋት አለ። ከዚያም የ12 ዓመት ልጅ ዐይኑን ሸፍነው ወደ ሌሎች ዛፎች እየመሩ አንድ በአንድ አሳቀፉት። ልጁ በየዛፉ ኀይሉ እየበረታብኝ ነው እያለ ሄዶ፥ በአራተኛው ዛፍ ሥር ተዝለፍልፎ ወደቀ። ዳሩ ግን ያ ዛፍ ኀይል ተሞላች የተባለችው ዛፍ አልነበረም። ስለዚህ መርማሪዎቹ ሰውን የሚያንቀጠቅጠው የማይታየው ፈሳሽ ሳይሆን የገዛ ሐሳቡ ኀይል ነው ብለው ፈረዱ።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። የልጁ መውደቅ ውሸት አልነበረም፤ የወደቀበት ምክንያት ግን እርሱ እንደ መሰለው አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ቅጠል አዳነኝ» ቢለን፥ ውሸታም ብለን ልናዋርደው አይገባንም፤ ነገር ግን መዳኑ ብቻ ያዳነው ቅጠሉ እንደ ሆነ አያስረዳምና ለጎረቤታችን «ይህን ጠጣ» ብለን ለማዘዝ አንቸኩል። በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን በሞላ ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አይተናል። ሳይመረምር ወሬ የሚያስተላልፍ ሰው «እኔ የሰማሁትን ነገርሁ እንጂ» ብሎ ከበደል ነጻ ሊሆን አይችልም። በባልንጀራችን ላይ በሐሰት እንዳንመሰክር የተሰጠን ትእዛዝ ለስልክም ሕግ ነው።

ሁለተኛ፤ ለማየት እንቢ ስለ ማለት።

ከዚህ በላይ ያለው ምሳሌ የሚጠራጠሩትን ደስ ያሰኛቸዋል። አሁን የምንናገረው ግን እነርሱን ይመለከታል። በቪየና ከተማ በታላቁ ሆስፒታል ሁለት የወላዶች ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና ተማሪዎች፥ በሁለተኛው አዋላጆች ያገለግሉ ነበር። በ1846 ዓ.ም. በሐኪሞቹ ክፍል ከ100 እናቶች ከ11 የሚበልጡት በወላድ ትኩሳት ሲሞቱ፥ በአዋላጆቹ ክፍል የሞቱት ከ100 ሦስት እንኳ አይሞሉም ነበር። ድሆች እናቶችም ይህን ሰምተው ወደ አንደኛው ክፍል እንዳያስገቡአቸው በጕልበታቸው ተንበርክከው ይለምኑ ነበር።

ኢግናዝ ዜመልዋይስ የሚባል ወጣት ሐኪም ምክንያቱን ሲፈልግ ኖረ። በ1847 ዓ.ም. ወዳጁ ኮሌችካ አስከሬን ሲመረመር በቢላዋ ተወግቶ ሞተ፤ የሞቱም ምልክት ከእናቶቹ ሞት ጋራ አንድ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ዜመልዋይስ አስተዋለ፤ ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው ወደ ወላዶቹ ይሄዱ ነበርና፥ ሞትን በእጃቸው የሚያመጡት እነርሱ ናቸው አለ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሁሉም እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሚያዝያ ከ100 እናቶች 18 ሞተው ነበር፤ በሰኔ የሞቱት ሁለት ያህል ብቻ ሆኑ። በሚከተለው ዓመት አንዲት እናት እንኳ ያልሞተችባቸው ወሮች ነበሩ።

ታዲያ ሊቃውንቱ ሁሉ ደስ አላቸውን? አይደለም። አንዳንዶቹ በእጅ ላይ ያለው የማይታይ ነገር ምን እንደ ሆነ በቅንነት ጠየቁ፤ በዚያን ጊዜ የተሕዋስያን ነገር ገና አልታወቀም ነበርና መጠየቃቸው አያስነቅፍም። ብዙዎቹ ግን ቍጥሩ በፊታቸው ሳለ ናቁት። ይህን መቀበል የገዛ እጃቸው እናቶችን እንደ ገደለ መቀበል ነበርና ከበዳቸው። ወዳጆች ሆይ፥ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ባየ ጊዜ ፈሪሳውያን ያደረጉትን አስቡ። እርሱን ጠየቁ፥ ወላጆቹን ጠየቁ፥ እንደ ገና እርሱን ጠየቁ፤ በመጨረሻም አውጥተው ጣሉት። ጥያቄ አልጐደላቸውም፤ የጐደላቸው መልሱን የሚቀበል ልብ ነበር።

ደግሞም ይህን እንጨምር። ዜመልዋይስ መጽሐፉን ያወጣው ዘግይቶ በ1861 ዓ.ም. ነበር፤ የተቃወሙትንም በግልጥ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች ብሎ ዘለፋቸው። በ1865 ዓ.ም. በአእምሮ ሕሙማን ቤት ሞተ። ፓስተር የዚህን ትኩሳት ተሕዋስ በፓሪስ ለሊቃውንት ያሳየው በ1879 ዓ.ም. ነው። የእናቶቹ ሞት የዜመልዋይስን ልብ እንዳቃጠለው እናውቃለንና አንፈርድበትም። ነገር ግን እውነትን በስድብ ጠቅልሎ የሚሰጥ ሰው ለሰሚው እምቢ የሚልበትን ምክንያት ይጨምርለታል። የያዝነው እውነት በከበደ መጠን በየዋህነት ልንናገረው ይገባናል።

ሦስተኛ፤ ስለ ነፍስና ስለ አእምሮ።

አንዳንድ ምእመናን የነፍስን መኖር በሚዛን ለማስረዳት ይወዳሉ። ዱንካን ማክዱጋል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1907 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ሊሞቱ የቀረቡ ስድስት ሕሙማንን ከነአልጋቸው በሚዛን ላይ እንዳስቀመጠ፥ አንደኛውም በሞተ ጊዜ 21 ግራም ያህል እንደ ቀነሰ ተናገረ። ይህ ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ነገር ግን የቀሩት ሕሙማን ሚዛን ከዚህ ጋራ አልተስማማም፤ የሁለቱንም መዝገብ እርሱ ራሱ ትቶታል። ክርስቲያን ሆይ፥ ነፍስህን በእንዲህ ያለ ሸምበቆ አታስደግፋት። የሚረዳን መስሎን ደካማ ማስረጃ ብንይዝ፥ ማስረጃው በተሰበረ ጊዜ የሚሰሙን ሰዎች እምነታችን የተሰበረ ይመስላቸዋል።

የሚክደውም ወገን ከሚያውቀው በላይ እንዳይናገር ይጠንቀቅ። በ2006 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አድሪያን ኦወንና ባልንጀሮቹ በመኪና አደጋ አንጎልዋ የተጎዳ የ23 ዓመት ሴት መረመሩ። ዐይንዋ ይከፈት ነበር፤ ነገር ግን ለሚናገራት አትመልስም ነበርና አታውቅም ተብላ ነበር። በአንጎል ውስጥ ያለውን የደም መመላለስ በሚያሳይ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው፥ አንድ ጊዜ ቴኒስ ስትጫወት፥ አንድ ጊዜ በቤትዋ ክፍሎች ስትመላለስ በሐሳብዋ እንድታይ ነገሩአት። አንጎልዋም እንደ ጤነኛ ሰው አንጎል መለሰ። የሚጠራጠሩ ሊቃውንት ይህ ሳታውቀው የሆነ ሊሆን ይችላል አሉ፤ መልካም ጥያቄ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ስለ 54 ሕሙማን የወጣው ጥናት አምስቱ እንዲህ በፈቃዳቸው ሊያስቡ እንደ ቻሉ አሳየ፤ ከእነርሱም አንዱ በዚህ መንገድ ለጥያቄ አዎንና አይደለም ብሎ መለሰ።

እንግዲህ ይህ መሣሪያ ነፍስን አሳየን አንልም፤ ነፍስ የለችም ብሎም አልመሰከረም። ያሳየን የደም መመላለስን ነው፤ ያ መመላለስ እንዴት ዕውቀት እንደሚሆን ፈላስፎች ዛሬም ይከራከራሉ። ነገር ግን ስለ ምግባራችን ግልጥ ነገር አስተማረን፤ ዝም ያለ ሁሉ የለም ማለት አይደለም። ከ54 አምስት ብቻ ናቸውና ለሕሙም ዘመዶች የሐሰት ተስፋ አንስጥ፤ አምስት ናቸውና በአልጋው አጠገብ ቆመን ስለ በሽተኛው እንደ ግንድ አንናገር። መልስ የማይሰጠውን በስሙ የሚጠራ፥ እጁንም የሚይዝ ሰው ብፁዕ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ጸሎትና ስለ መድኃኒት።

ይህ ክርክር በአገራችን የሰው ሕይወት የጠፋበት ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ያለ ዋጋ መሰጠት በጀመረ ጊዜ፥ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጕደል ነው ሲባል ሰምተው ኪኒናቸውን የተዉ ሕሙማን ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ አስረድተው፥ ሕሙማን ሁለቱንም እንዲወስዱ መከሩ። ይህም ምክር ከመጽሐፍ ጋራ የተስማማ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታምሞ በጸለየ ጊዜ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማ፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። የጸሎቱ መሰማት ጥፍጥፉን አላስቀረም፤ ጥፍጥፉም ጸሎቱን ከንቱ አላደረገም። ወንጌልን የጻፈልን ሉቃስም ሐኪም ነበር።

ስለዚህ በሽተኛን መድኃኒትህን ጣል የምትል ሰው ሆይ፥ በማን ሕይወት እንደምትወራረድ አስብ። አንተ ብትሳሳት የሚቀበረው ሌላው ነው። አንተም የተማርህ ወጣት ሆይ፥ እናትህ ስትጸልይ በሣቅህ ጊዜ ምን አተረፍህ? መድኃኒትዋን እንድትወስድ በፍቅር ብትመክራት መልካም ነው፤ መጽናናትዋን ነጥቀህ በምትኩ ምንም ሳትሰጣት ብትሄድ ግን ዐዋቂ አልሆንህም፤ ጨካኝ ሆንህ እንጂ።

እንግዲህ በክርክር ጊዜ እነዚህን አራት ነገሮች ጠብቁ። ከመናገራችሁ በፊት ይህን በምን ዐወቅሁት ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የሌላውን ሐሳብ በመረመራችሁበት ሚዛን የራሳችሁንም መዝኑ። ያላወቃችሁትን አላውቅም ለማለት አትፈሩ፤ ይህ ቃል ማንንም አላዋረደም። ከሁሉም በላይ፥ ከክርክሩ በስተ ኋላ የታመመ፥ ያዘነ ወይም የሚሞት ሰው እንዳለ አትርሱ፤ ክርክሩን አሸንፋችሁ እርሱን ብታጡት ምንም አልረባችሁም።

እውነት ሁሉ የእግዚአብሔር ነውና እውነትን የሚፈልግ ሰው ከእርሱ አይርቅም። የቶማስን ጥያቄ በትዕግሥት የሰማ ጌታ የእናንተንም ይስማችሁ፤ ለመጠየቅ ድፍረትን፥ ለመቀበል ትሕትናን፥ ለመናገርም የዋህነትን ይስጣችሁ። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ለዘላለም ይሁን። አሜን።