ያረጀ መጽሐፍ የማን ነው?

በሮቤና በጎባ ገበያ ቆሎ የገዛ ሰው መጠቅለያውን ልብ ብሎ ቢመለከት፣ አንዳንድ ጊዜ ከትምህርት መጽሐፍ የተቀደደ ገጽ ሆኖ ያገኘዋል። «ማንም አያነበውም» ተብሎ የተጣለ መጽሐፍ ነው። ለመሆኑ፣ ማንም አያነበውም የምንለውን መጽሐፍ የመጣል መብት አለንን?

ጥያቄው በባሌ ደጋ የተለየ ክብደት አለው። በአንድ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ሊገኝ ይችላልና። አያት በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የሼክ ሁሴን ውዳሴ ያኖራሉ፤ አባት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በግዕዝ ፊደል የተማሩበትን መጽሐፍ፤ ልጅ ደግሞ በ1984 ዓ.ም. በተወሰነው በቁቤ የተጻፈውን። ሲነጋገሩ ይግባባሉ፤ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ለማንበብ ግን ይቸገራል።

እኛም ከዚህ በደል ነጻ አይደለንም። አንድ ጊዜ ክፍል ስናጸዳ አንድ ሳጥን ያረጁ መጻሕፍት ለእሳት ማቀጣጠያ አዋልን። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሽማግሌ መጥተው፣ ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉበትን የፊደል መጽሐፍ ሲጠይቁን የምንመልሰው አጣን።

አንባቢ ሆይ፣ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ፣ ሁለቱም ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች፣ የኦሮሞን ተረትና ዘፈን ሰብስበው በ1894 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል የንባብ መጽሐፍ አሳተሙ። ካፑቺኑ አባ ማስያስም የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በ1867 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አውጥተው ነበር። ዛሬ ስለ እነዚህ መናገር የቻልነው፣ ለራሱ ሳይጠቅመው ያኖረልን ሰው ስለ ነበረ ነው።

«የትምህርት ቤት ትዝታው መራራ የሆነበት ሰውስ?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ በእናቱ ቋንቋ በመናገሩ የተቀጣ ልጅ ነበረ። ነገር ግን ማኖር ማወደስ አይደለም። ማስረጃን አቃጥሎ የሚፈርድ ዳኛ የለም፤ በደሉን የሚመሰክረው መጽሐፍ ሲጠፋ የሚያርፈው በዳዩ እንጂ ተበዳዩ አይደለም። ደግሞም ያንኑ መጽሐፍ ከእሳት ብናስገባው፣ የአንዱን ልጅ ዕንባ ብቻ ሳይሆን የሽማግሌውንም ደስታ አብረን እናቃጥላለን። እውነትን ከፍሎ ግማሹን ብቻ ማኖር አይቻልም።

ስለዚህ ያረጀ መጽሐፍ የእኛ ንብረት ሳይሆን አደራ ነው፤ ከሞቱት ተቀብለን ገና ላልተወለዱት የምናስተላልፈው። አደራ በላ መባልን የማይፈራ በአገራችን የለም። እንግዲህ እያንዳንዳችን ቤታችን ያለውን ከእርጥበትና ከአይጥ እንጠብቅ። በመጀመሪያው ገጽ የማን እንደ ነበረ፣ በየትኛው ትምህርት ቤትና በየትኛው ዓመት እንዳገለገለ እንጻፍበት። ሽማግሌዎቻችንም በሕይወት ሳሉ ጮክ ብለው እንዲያነቡልን እንለምናቸው፤ ልጆችም የሰሙትን በራሳቸው ፊደል ይጻፉት። ያን ጊዜ ሦስቱ ፊደላት በአንድ ቤት እንደ ባዕድ መተያየታቸው ይቀራል።