በጣዕም ሰው ይናቃል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሚኖሩ ዘመዶቼ ቤት ሰንብቼ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ የቤቱ እመቤት ክትፎ ሠርታ ከጎኑ አይብ አቀረበች። አይብ አልኩ እንጂ ነገሩስ ከሱፐርማርኬት በፕላስቲክ ዕቃ የተገዛ፣ «ካቴጅ ቺዝ» የሚባል የፈረንጅ ሥራ ነው። እሷ በውሃ አጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቃ፣ ኮሰረትና ጥቂት ኮረሪማ ጣል አድርጋበት የአገር ቤት አይብ አስመስላዋለች። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ግን ሳህኑን አንዴ አየት አደረገና ተነሥቶ ፍሪጁን ከፈተ። በላስቲክ የተጠቀለለች ቢጫ ቁራጭ ቺዝ አወጣ፤ ላስቲኳን ገፎ በዳቦ መሐል አደረገና መግመጥ ጀመረ። እናቱ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ምን ይደረጋል ወንድሜ፣ ጣዕም አያውቅም እኮ!» አለችኝ። ልጁ አማርኛ ብዙም አይናገርም፤ ይህችን ግን ሰምቷታል። ዳቦውን እንደያዘ ወደ ክፍሉ ገባ።

ይህች ትንሽ ነገር ከዚያ ወዲህ አልለቀቀችኝም። ለመሆኑ ጣዕም አለማወቅ ምን ማለት ነው? ጣዕም የሚታወቅ ነገር ነው ወይስ የሚለመድ? ደግሞስ ሰው በሚወደው ምግብ ሊከበር ወይም ሊናቅ ይገባል? አይብን ምክንያት አድርጌ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካዊ ቤት ውስጥ ቺዝ እንደኛ አይብ የክትፎና የዶሮ ወጥ አጃቢ ብቻ አይደለም። የዘወትር ቀለብ ነው። በ1970 አንድ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት የሚበላው ከ5 ኪሎ ግራም ብዙም የሚዘል አልነበረም፤ ዛሬ ከ17 ኪሎ በላይ ሆኗል። ለዚህ ትልቁ ምክንያት ፒዛ ነው። ለረጅም ዘመን አንደኝነቱን ይዞ የኖረውን ቼዳርን ሞዛሬላ በ2010 ገደማ ቀድሞት የሄደውም በፒዛ ጀርባ ታዝሎ ነው። የአንድ መካከለኛ ቤተሰብ ፍሪጅ ቢከፈት ለሐምበርገርና ለሳንድዊች የምትሆነው ቢጫ ቁራጭ፣ ለፒዛ የተፈቀፈቀ ሞዛሬላ፣ ጠዋት ዳቦ ላይ የሚቀባ ክሬም ቺዝ፣ ለሚያቃጥል ወዳጅ ደግሞ ቃሪያ የገባበት ሞንቴሬይ ጃክ ይገኛል። በዚያው ሱፐርማርኬት ሌላ ጥግ ላይ ግን ሌላ ዓለም አለ፤ የፈረንሣይ ብሪ፣ ሰማያዊ ሻጋታ ያለበት ሮክፎር፣ በዋሻ ውስጥ ወራት የከረመ የስዊስ ግሩዬር። ሁለቱ መደርደሪያዎች በአንድ ጣራ ሥር ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን በእርምጃ የሚለካ አይደለም። ወደየትኛው እንደምትሄድ ያየህ ሰው ስለ ትምህርትህ፣ ስለ ደመወዝህ፣ ስለ አስተዳደግህ የሚገምተው ነገር አለው።

ከሁሉ የምትናቀው ቢጫዋ ቁራጭ ናት። እሷም ግን የትውልድ ሐረግ አላት። ካናዳ ተወልዶ ቺካጎ የከተመው ጄምስ ክራፍት በፈረስ ጋሪ ቺዝ እያዞረ ለባለሱቆች ይከፋፍል ነበር። በዚያ ዘመን ቺዝ ከትልቅ ክብ ላይ እየተቆረጠ ስለሚሸጥ፣ በተለይ በበጋ፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ይሻግታል፤ ባለሱቁም ገዢውም ይከስራሉ። ክራፍት ቼዳሩን ከትፎ፣ አሙቆና አማስሎ በቆርቆሮ ማሸግ ቻለና በ1916 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ስዊሶች ተመሳሳዩን ሥራ በ1911 ጀምረውት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይኸው የቆርቆሮ ቺዝ የአሜሪካ ወታደር ስንቅ ሆነ። በ1937 ደግሞ፣ ያ ታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት ገና ሳያባራ፣ አራት ሰው የሚያበላ የመኮሮኒና የቺዝ ካርቶን በ19 ሳንቲም ገበያ ላይ ዋለ። ሥጋ መግዛት ያቃታቸው እናቶች ልጆቻቸውን በዚያ አሳደሩ። እንግዲህ ዛሬ «የሰነፍ ምግብ» እየተባለ የሚሾፍበት ነገር የተወለደው ከቁጠባና ከችግር ነው። ያን ካርቶን በልቶ ያደገው ልጅ አባት ሲሆን ለልጁ ገዛ፤ ልጁም ለልጁ። የአገሩ ጣዕም የሚሆነውም እንዲህ ነው።

ለመሆኑ ቢጫነቱስ ከየት መጣ? ወተት ነጭ ነው። በበጋ ለምለም ሣር የምትግጥ ላም የወተቷ ቅባት ቢጫ ይል ነበርና በእንግሊዝ አገር ቢጫ ቺዝ የጥሩ ወተት ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ክሬሙን ገፍፈው ለቅቤ የሸጡ ሰዎች የቀረው ቺዝ ሲነጣባቸው ቀለም ጨመሩበት። ልማዱ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ፤ ዛሬም ብርቱካናማው ቼዳር ቀለሙን የሚያገኘው አናቶ ከሚባል የሞቃት አገር ዛፍ ፍሬ ነው። የቨርሞንት ሰዎች በበኩላቸው ነጩን ይመርጣሉ፤ በነጭነቱም ይኮራሉ። አንዱ «ቺዝ ቢጫ ካልሆነ ቺዝ አይመስለኝም» ሲል ሌላው «የተቀባ ቺዝ አልበላም» ይላል። ሁለቱም ምርጫው የራሳቸው ይመስላቸዋል። እነሱ ከመወለዳቸው በፊት በሌላ አገር የነበሩ ወተት ነጋዴዎች እንደመረጡላቸው ማን ይንገራቸው?

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፣ «ታዲያ ሁሉም ልማድ ከሆነ የሚሻልና የሚብስ የለም ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ በጻፈው ድርሰት ውስጥ ከዶን ኪሆቴ የተዋሰው ጨዋታ አለ። ሁለት ሰዎች ከአንድ በርሜል ወይን ጠጅ ይቀምሳሉ። አንዱ «ጥሩ ነው፣ ግን ቆዳ ቆዳ ይላል» አለ። ሌላው «ጥሩ ነው፣ ግን ብረት ብረት ይላል» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። በርሜሉ ሲገለበጥ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ ተገኘ። የሂዩም ነጥብ ግልጽ ነው፤ ሌላው የማይደርስበትን የሚለይ ምላስ በእርግጥ አለ። እኔም እስማማለሁ። ሁለት ዓመት የከረመ ቼዳር በላስቲክ ያለችው ቁራጭ የሌላት ነገር እንዳለው ቀምሶ ማረጋገጥ ይቻላል።

ነገር ግን ሂዩም ራሱ እንዳለው ያ ምላስ የሚሠለጥነው በልምምድና በማነጻጸር ነው። ለማነጻጸር ደግሞ ቢያንስ ሁለት ነገር መቅመስ ያስፈልጋል። ለመቅመስ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጊዜም ይጠይቃል፤ የሚያቀምስ ሰውም ይጠይቃል። እንግዲህ «ጣዕም አያውቅም» ብለን የምንንቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያጣው ምላስ ሳይሆን አጋጣሚ ነው። ሰውን አጋጣሚ በማጣቱ መናቅ በድህነቱ ከመናቅ በምን ይለያል? ስለ ቺዙ የተሰጠው ፍርድ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያንን ፍርድ ከቺዙ ወደ በላተኛው ማሻገር ግን ስሕተት ነው።

የአሜሪካን ታሪክ ስመለከት ሁለት ቺዞች ጎን ለጎን ይታዩኛል። የመጀመሪያው በማሳቹሴትስ የቼሻየር መንደር ገበሬዎች ወተታቸውን አዋጥተው የሠሩት 1,235 ፓውንድ ወይም 560 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ግዙፍ ክብ ነው። ሰባኪያቸው ጆን ሌላንድ በ1802 አዲስ ዓመት ዕለት ለፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን አስረከበው። ገበሬዎቹ ባፕቲስቶች ነበሩ፤ ስጦታውም ለሃይማኖት ነጻነት የቀረበ ምስጋና ነበር። አንድም ባሪያ እጁን ሳያስገባበት መሠራቱን በኩራት ተናገሩ፤ ተቀባዩ ግን ባለ ብዙ ባሪያ ነበር። ጄፈርሰን ስጦታ መቀበል አይገባኝም ብሎ 200 ዶላር ከፈለበት። ሰጪዎቹ በፈቃዳቸው ሰጡ፤ ተቀባዩም ዋጋውን ከፍሎ ክብሩን ጠበቀ።

ሁለተኛው ቺዝ የመጣው ከ179 ዓመት በኋላ ነው። መንግሥት የወተት ዋጋ እንዳይወድቅ ለመደገፍ ሲል ከገበያ የተረፈውን ቺዝ ይገዛ ነበር። ድጋፉ በ1977 ከፍ ሲል ክምችቱም አበጠ፤ በሚዙሪ ከተፈለፈሉ የድንጋይ ዋሻዎች ሳይቀር ተከማቸ፤ መሻገት ጀመረ። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በታኅሣሥ 1981 30 ሚሊዮን ፓውንድ የሚሆነው ለድሆች እንዲታደል ፈቀዱ። ሕዝቡም ባለ 5 ፓውንዱን ብርቱካናማ ጡብ ለመቀበል ተሰለፈ። በዚያ ያደጉ ብዙ ሰዎች ዛሬ «በሙቀት ሲቀልጥ እንደሱ ያለ አላየሁም» እያሉ በናፍቆት ያወሩታል፤ በዚያው አፋቸው ግን ጡቡን ጓደኛ እንዳያይባቸው ይደብቁ እንደነበር ይናገራሉ። ምላሳቸው ወደደው፤ ልባቸው አፈረበት። ያሳፈራቸው ጣዕሙ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። እንደ ጄፈርሰን ከፍለው መውሰድ አይችሉም፤ አልፈልግም ብለው መተውም አይችሉም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ።

ይህን ነገር ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ የለብንም። ጾምና ረሃብ አንድ ዓይነት ሳህን ነው የሚያሳዩን፤ አይብ የሌለበት ሳህን። ረቡዕና ዓርብ ጿሚው አይብ አይቀምስም፤ የተቸገረውም አይቀምስም። ጿሚው ግን እያለው ትቶታል፤ ስለዚህ ቀና ብሎ ይሄዳል። የምርጫ ክብር ያለው ከመደርደሪያው ብዛት ላይ አይመስለኝም። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት የተባለውም ብዛት ብቻውን ምርጫ ስላልሆነ ነው። ክብሩ «እምቢ» ማለት ከመቻል ላይ ነው። ለሰው ስንሰጥም ሆነ ሰውን ስንመግብ ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ምን ያህል ጥሩ ነገር ሰጠሁት?» ብቻ ሳይሆን «እምቢ ቢለኝ ፊቴን አጠቁርበታለሁ?» የሚለውም ጭምር ነው።

ወደዚያች እናት ልመለስ። አይቧን የምትወደው ቅቤው ከወጣለት አሬራ በለስላሳ እሳት ሲወጣ፣ አጓቱ ሲንቆረቆር እያየች፣ እፍኝ እየተቀበለች ስላደገች ነው። ልጇ ያን አላየም። እሱ ያየው የትምህርት ቤት ጓደኞቹን የምሳ ዕቃ ነው። እሷ የእናቷን ጓዳ እንደናፈቀች ሁሉ እሱም አንድ ቀን በሌላ ከተማ ሆኖ ያችን ቢጫ ቁራጭ ይናፍቃት ይሆናል፤ ስትናፍቀውም ላስቲኳን ሳይሆን የእናቱን ፍሪጅ ነው የሚያስታውሰው። ልጁ ከእናቱ አይብ አንድ ጉርሻ የመቅመስ ዕዳ አለበት እላለሁ፤ ያልቀመሱትን እምቢ ማለት ምርጫ አይባልምና። እናቲቱም «ጣዕም አያውቅም» ከማለት ይልቅ «እስቲ ይህንን ቅመስልኝ» የማለት ዕዳ ነበረባት።

ከመመለሴ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አብሬያት ገበያ ወጣሁ። ወደ ቺዙ መደርደሪያ ስንደርስ መጀመሪያ እጇን የሰደደችው ወደ ካቴጅ ቺዙ አልነበረም። ማንም ሳይጠይቃት፣ ዋጋውንም ሳታይ፣ የልጇን ቢጫ ቁራጮች አንሥታ ጋሪው ውስጥ አስቀመጠች። ምላሷ የሚንቀውን ነገር እጇ በፍቅር ሲገዛው አየሁ። ከሁለቱ የትኛው ነበር ፍርዷ?